ተራ ቁጥር ሰባት፦ ድመት፣ አንድ

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ዛሬ የብሎክ አስራ አራት ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ተኩል ላይ ተጀመረ፤ ለእኛ ይህ በሰዓቱ ማለት ነው። እንደተለመደው ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ሥራው ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

አጀንዳ አንድ፣ የውሃ ፓምፑ። የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ አሁንም ብልሽት ላይ ነው ብለን በሙሉ ድምፅ ተስማማን። አጀንዳ ሁለት፣ የንብረት ቆጠራ። መሰላሉ አለ፣ አካፋው አለ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ከሁለቱ በቀር አሉ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «ድመት፣ አንድ፣ ግራጫ» ይላል። የመዘገብኳት እኔው ነኝ። አምና አይጥ ሲያስቸግር ኮሚቴው ወስኖ ያስመጣት ናት። ስም ግን አልወሰነላትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱን አወጣላት። ምድር ቤት እህል የሚሸጠውና ገንዘብ ያዣችን የሆነው ጀይሉ «ሠራተኛዋ» ይላታል። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሊቀመንበራችን ጋሽ ተክለማርያም የጦር ሠራዊት ጡረተኛ ስለሆኑ «ዘብ» ይሏታል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ «አንቺ» እላታለሁ። የእኔ አይደለችም፣ ስም ማውጣትም አይገባኝም። ማታ ዜና ሲጀምር ትመጣና ጭኔ ላይ ትተኛለች። እኔም እንዳልቀሰቅሳት ብዬ የማልወደውን ስፖርት ሳይቀር እስከ መጨረሻው አያለሁ። ከዚያ ያለፈ ግንኙነት የለንም።

በልዩ ልዩ ጉዳዮች፣ ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖረው አልፊያ ሕፃን ልጇን ኑሕን ታቅፋ ተነሣች። በደንባችን ተከራይ መናገር ይችላል፣ ድምፅ መስጠት አይችልም። ቁንጫ ልጄን ጨረሰው አለች፤ እግሩን ገልጣ አሳየችን፣ ከጉልበቱ በታች ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። ቁንጫው የሚፈላው ደረጃው ሥር ከተከመረው የጀይሉ ባዶ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ድመቷም እዚያ እየተኛች ይዛው ትዞራለች፣ እባካችሁ ጆንያው ይነሣ አለች። ጀይሉ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሰዓቱ ስድስት ሆኗል፤ የሁሉም ልብ ምሳው ጋ ነው። እኔም አሳጠርኩት፦ «ተከራይ አልፊያ በድመቷ ላይ ቅሬታ አቀረበች።»

ጥሩ ቃለ ጉባኤ አጭር ቃለ ጉባኤ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ቁንጫው እኔም ጋ ደርሷል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አምስት፣ ወገቤ ላይ ሦስት። ደረጃ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ናት አልጋዋ ላይ የምታስተኛት። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ምን ታድርግ!»

አልጋዬ ላይ ተኝታ አታውቅም። ሶፋ ላይ ነው። ሰው ሲያማ እንኳ ትክክለኛ መረጃ ይዞ ቢያማ ምን ይጎዳዋል? ደግሞ የእኔ አይደለችም፤ የብሎኩ ናት። መዝገቡን ማየት ይችላሉ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ለሽንኩርት ብዬ አየር ጤና ወረድኩ። ከሽንኩርቱ ማዶ፣ ከጋራዦቹ መሀል ባጫ የሚባል ሰው የእንስሳት መድኃኒት ይሸጣል። እግረ መንገዴን ገባሁ።

«ለበግ ነው ለፍየል፣ እናቴ?»

«ለድመት። ቁንጫ ነው።»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ፣ «ድመት ያው ትንሽ በግ ማለት ናት» ብሎ የበግ ሥዕል ያለበት ጠርሙስ አወረደልኝ። አንድ ክዳን በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጠው ይቀቧት፣ በአስራ አምስት ቀን ይደገማል አለኝ። እንደዚያ ያለኝ ይመስለኛል፤ አጠገባችን አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን እያስጮኸ ነበር።

ቤት ስደርስ ውሃ የለም። የእኛ ፈረቃ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ትናንት ግን ሳትመጣ ቀረች። በርሜሉ ሥር የቀረችውን ለድመት ልደፋ ነው? ስለዚህ ክዳኑን ግማሽ አድርጌ እንዳለ ቀባኋት፣ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ። ግማሽ ክዳን ያለ ውሃ፣ አንድ ክዳን በውሃ፤ ያው እኩል ይመጣል። ትምህርት ቤት ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምስጢር ሆኖ አይደለም፤ ለኮሚቴ ከተነገረ ለመስከረምም አይደርስም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሶፋው ላይ ዘጠኝ የሞቱ ቁንጫዎች። ባጫ ይባረክ!

ለዜና አልመጣችም። ዜናውም ያን ያህል አልነበረም።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

መታጠቢያ ቤት፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተወሽቃ አገኘኋት። ለሀጯ ይዝረበረባል። ብጠራት አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኩርፊያ ነው። መድኃኒት ሲያስገድዱት የማያኮርፍ ማን አለ? እኔም የደም ግፊት ኪኒን ያዘዘልኝን ሐኪም ሁለት ወር አኩርፌው ነበር።

ቱና ከፈትኩላት። ለራሴ እንኳ የማልከፍተውን ቱና! አሸተተችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ በርሜሉ ተመለሰች። ይቅርባት። እኔው በላሁት።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ችኮላ። ውሃ ዛሬ ያለ ቀኗ መጣች፣ በስህተት መሆን አለበት። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የአበባ ማስቀመጫው ሳይቀር ተሞላ።

ድመቷን ደረጃ ላይ አየኋት። ጀርባዋ ነጭ ሆኗል። ጀይሉን ጠየቅኩት።

«እንዴ ሰብልዬ! እህል ቤት ውላ ምን ልትመስል ነው፣ ከሰል?»

እውነቱን ነው። ግን ዱቄቱ ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ጤፍ አስነጥሶኝ አያውቅም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

አንደኛ ፎቅ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ጋሽ ተክለማርያም በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ፋኖስ እያጸዳሁ ነው፣ ወይዘሪት ሰብሌ።»

በስልሳ አራት ዓመቴ ወይዘሪት! ያም ሆኖ መብራቱ እንዲህ በሚጠፋበት ክረምት ፋኖስ ማጽዳት ብልህነት ነው። እርሳቸው ቤት ግን ፋኖስ አይቼ አላውቅም።

ድመቷ ጤና የላትም። የጀርባዋ ቆዳ ለብቻው ይንዘፈዘፋል። ምንም በሌለበት ዘላ ትሮጣለች፤ ትቆምና ደግሞ ግድግዳውን ለግማሽ ሰዓት ታያለች። ደረጃ ስትወጣ የኋላ እግሮቿ ይጠላለፉባታል። ዛሬ አንድ አይጥ በአጠገቧ ሲያልፍ ዝም አለችው፤ አይጡ ራሱ ግራ ገብቶት ቆም ብሎ አያት። ደረጃ ላይ ያለው የሐኪሞች ቦርድ ምርመራውን ጀምሯል። አንዱ ጂኒ ነው ይላል፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች፣ ሌላው መርዝ ነው ይላል። መድኃኒት ነው ያለ የለም።

እኔም አላልኩም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

አስራ አምስት ቀን ሞላ። መመሪያ መመሪያ ነው።

የቀኝ እጄን አንጓ ሦስት ቦታ ቧጠጠችኝ። የውሃ ቀን አይደለም ዛሬም። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

አስቸኳይ ስብሰባ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሰዓቱ የተጀመረ የመጀመሪያው ስብሰባ ነው፤ ሰው ሊከሰስ ሲሆን ሰዓት እናከብራለን።

ጀይሉ ተነሥቶ መሰከረ። «ትናንት በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ከሕንፃው ጀርባ አልፊያ ሠራተኛዋን በባልዲ እስከ አንገቷ ትነክራታለች። ድመቷ ትጮሃለች፣ እሷ ትነክራለች! እኔን ስታይ እንኳ አላቆመችም።»

«ምክንያትም አላት» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ።»

ተነበበ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ተከራይ አልፊያ በድመቷ ላይ ቅሬታ አቀረበች።» ቤቱ በአንድ ጊዜ «ይኸው!» አለ። ሰው ጆሮው የሰማውን ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለውን ግን ያምናል። እዚያ ተቀምጠው ስለ ጆንያ ስትናገር የሰሙት ሰዎች ናቸው «ይኸው» ያሉት። እኔም ሰምቻለሁ። የጻፍኩት ግን እንደተነበበው ነው፣ የተነበበውም እንደጻፍኩት ነው፤ አሠራሩ ላይ ምንም ስህተት የለም።

አልፊያ አልተጠራችም፤ ጉዳዩ እሷን ስለሚመለከት።

ውሳኔ፦ የቤቷ ባለቤት ውጭ አገር ስላለች ለወኪሏ ለአቶ ኢብራር ደብዳቤ ይጻፍ። ተከራይዋ በነዋሪው ንብረት ላይ ጉዳት ስላደረሰች እስከ ጳጉሜ ቤቱን ትልቀቅ። ጸሐፊዋ ታርቅቀው። ሃያ ሁለት እጅ ተነሣ። የእኔ አልተነሣም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ በአንዱ እጅ ደብተሩን ይዣለሁ፣ በሌላው እየጻፍኩ ነው።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ደብዳቤውን ጻፍኩት። ቆንጆ ደብዳቤ ነው፣ ራሴን ላመስግን። «ድርጊቱን መፈጸሟ ተደርሶበታል» ይላል። ማን እንደደረሰበት፣ እንዴት እንደደረሰበት ማንም አይጠይቅም። ሦስት ሚኒስትሮችን ያገለገለች እጅ ናት ይቺ። ጋሽ ተክለማርያም ፈረሙ፣ እኔ ማኅተም መታሁ፣ ኢብራር ከሰዓት በኋላ መጥቶ ወሰደው።

አልፊያ ምናልባት ሌላ ቤት ስትፈልግ ነበር። ተከራይ ሁልጊዜ ሌላ ቤት ይፈልጋል። ምናልባትም እውነት ልታሰጥማት ነበር፤ ሰው የልቡን ማን ያውቃል? ልጇ እንደዚያ ሲበላ ያየች እናት ምን አታደርግም? እኔ እናት አይደለሁም፣ አልፈርድም። ኢብራር ግን ሊፈርድ ነው፣ በእኔ ጽሑፍ።

ጠርሙሱ ከስኳሩ ጎን ነው ያለው። በጉ ያየኛል። አዙሬ አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ በጀርባው የሚያየኝ ይመስለኛል።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አልፊያ ናት። ኑሕን በጀርባዋ አዝላ፣ ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋለች።

«እትዬ ሰብሌ፣ ይቅርታ በጠዋት ረበሽኩዎት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኔ ጋ ናት፤ ዛሬ መንቀጥቀጡ ባሰባት። ሰው ሁሉ ይቺ ድመት እትዬ ሰብሌን ነው የምትወደው ሲል እሰማለሁ። ለዚያ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።»

ስለ ደብዳቤው ገና አልሰማችም። ከፊቴ ቆማ «እርስዎ ጋ የመጣሁት» ትላለች።

«የእኔ አይደለችም፣ የብሎኩ ናት» አልኳት። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እንግዲህ ይቺ ነኝ። ከዚያ ጫማዬን አደረግኩ።

የፓስታ ካርቶን ውስጥ አስተኝተናት በባጃጅ ቀራንዮ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። መንገድ ላይ አልፊያ እንዲህ አለችኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር ሸተተኝ። አባቴ ወራቤ በግ ያረባል፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ለበግ እንኳ በብዙ ውሃ በጥብጠን ነው የምንቀባው። ደግነቱ የውሃ ቀን ነበር፣ በሳሙና አጠብኳት። ሦስት ባልዲ ፈጀች!» ሳቀች።

ሦስት ባልዲ። ሕፃን ያላት ሴት፣ የፈረቃ ውሃዋን። እኔ አንድ ባልዲ ሰስቼ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ሀይፋ ገና ልጅ ናት። «ድመትዎ ናት፣ እማማ?» አለችኝ። የብሎኩ ናት ብዬ አረምኳት። ዓይኗን ገልጣ አየች፣ መርፌ ወጋቻት፣ ከዚያ በጓንት ጣቷ እያሻሸች ታሸት ጀመር።

«ምንድን ነው የቀባችኋት? ዘይት ያለው የበግ መድኃኒት አለ። ጆሮዋ ውስጥ ዱቄት ቀርቷል፣ የነቀዝ ይመስለኛል። አንገቷ ደግሞ በነጭ ጋዝ ተቃጥሏል። ድመት የቀቡባትን ሁሉ ትልሳለች እኮ! ስንት ባለቤት ነው ያላት?»

«ሃያ አራት አባወራ» አልኩ። የቀለድኩባት መሰላት።

«ሳሙና ይሸተኛል፤ ታጥባ እንኳ ይህን ያህል የቀረባት ዘይቱ በውሃ ሳይበጠበጥ ስለተቀባ ነው። ማነው የቀባት?»

«ኮሚቴ ነው» አልኩ።

ኮሚቴ ነው! ሰላሳ አንድ ዓመት ቢሮ የሠራሁት ለዚህ መልስ ነው መሰለኝ።

አልፊያ ፊቴን አላየችም። ያየችው እጄን ነው፤ ቡጭሪያው ገና አልደረቀም። ከዚያ ኑሕን ከፍ አድርጋ አዘለችው።

«ያጠባትስ?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ።»

«አንቺ ነሽ ያተረፍሻት። አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ ሞታ ነበር።»

አፈርኩ። ይህን ጽሑፍ ማሳመር አልችልም፤ አፈርኩ፣ በቃ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ስለ ውሃ ፓምፑ በሦስት ዓመት አስራ አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንድም መልስ የለም። ኢብራር በሦስተኛው ቀን መለሰ፦ ተከራይዋ እስከ ጳጉሜ ትወጣለች፣ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። ለአልፊያም ነግሯታል።

ነግሬያችሁ ነበር፣ ቆንጆ ደብዳቤ ነው።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ድመቷ አልፊያ ቤት ናት። በየቀኑ እወርዳለሁ፤ እንደ ኮሚቴ ተወካይ። ዛሬ ምንም አልበላችም። ጋሽ ተክለማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነገርኳቸው። «ፍልሰታ ገብቷል እኮ፣ ዘብ እየጾመች ነው» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ የጾም ቀልድ አይገባኝም ብለው ሊያስረዱኝም ሞከሩ።

እጄን ዘረጋሁላት። አሸተተችው። ወደ ኋላ ሄዳ የኑሕ አልጋ ሥር ገባች። ከመውረዴ በፊት ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር።

አልፊያ ሻይ አቀረበችልኝ። ዕቃ ማሰር ጀምራለች። ዛሬ ልነግራት ነበር፣ ግን ዝናብ ጣለ። ዝናብ ምን እንዳገናኘው አላውቅም። ሐሙስ ደግሞ ራሴን አመመኝ ብዬ ነበር። እንዲህ እያልኩ ጳጉሜ ይደርሳል፣ እሷ ትሄዳለች፣ እኔም በሰላም ዜና አያለሁ።

ያለ ድመት።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

መደበኛ ስብሰባ። አጀንዳ አንድ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። አንብቤ ጨረስኩ። «እርማት ያለው?» አሉ ጋሽ ተክለማርያም፣ እንደ ወጉ። እርማት ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

ቆሜ ስናገር ራሴን ያየሁት ዛሬ ነው፤ ሁልጊዜ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

«አንደኛ፣ ሐምሌ ስድስት ቀን አልፊያ ቅሬታ ያቀረበችው በጆንያው ላይ ነው። በድመቷ ላይ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሁለተኛ፣ ድመቷን የበግ መድኃኒት የቀባኋት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ፣ ያለ ውሃ። ሦስተኛ፣ አልፊያ በባልዲ የነከረቻት እኔ የቀባሁትን ልታጥብላት ነው። ሐኪም ያተረፈቻት እሷ ናት ብላለች። የሌላውን መድኃኒት ለየባለቤቱ እተዋለሁ።»

ጀይሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንግዲህ... ትንሽ የነቀዝ ዱቄት ነስንሼባት ነበር። ለስንዴ የሆነ ለድመት ምን ይላል ብዬ።»

«ነጭ ጋዝ መድኃኒት አይባልም!» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። ነጭ ጋዝ የሚል ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። «በጦር ሜዳ ለቅማል እንጠቀምበት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ተያዩ። «እኛ በበርበሬ ያጠንናት ብቻ ነው» አለች ሚስትየዋ፣ «ጂኒው እንዲለቃት።»

ሁሉም ለብቻው፣ ሁሉም በዝግ በር፣ ሁሉም የእኔ ናት ብሎ። ለሕንፃው አንድ አምፖል ለመግዛት ሁለት ወር የምንሰበሰብ ሰዎች፣ ድመት ለመመረዝ ግን አንድም ስብሰባ አላስፈለገንም። በመጨረሻ እጁን ያልከተተ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው አንድ ናት፣ እሷም ድምፅ የላትም።

ውሳኔ፦ ደብዳቤው ይሻር። ለወደፊቱ ድመት የሚታከመው በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ይሁን። የጆንያው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

መሻሪያውን ይዤ ወረድኩ። አልፊያ ቆማ አነበበችው፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ቤቱ እኮ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ እትዬ። ኢብራር ትናንት ቀብድ ተቀብሏል። እኔም አየር ጤና እህቴ አጠገብ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ።»

ከኢብራር ጋር እነጋገራለሁ፣ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኳት።

«ይቅር፣ አይጻፉ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «ያን ቀን ክሊኒክ እጅዎን አይቻለሁ። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ ጠበቅኩ። ቆይተው ነው እንጂ ተናግረዋል፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን ያ ደብዳቤ... ኢብራር ሲያነብልኝ በጣም ከማማሩ የተነሣ እኔ ራሴ ራሴን ጠረጠርኩ።»

ይቅርታ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መግቢያና ያለ ማጠቃለያ ተናገርኩ። ድመቷ ከአልጋው ሥር ሁለታችንንም ታይ ነበር።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

አልፊያ ነገ ትሄዳለች። ድመቷ ከነሐሴ ጀምሮ ከሷ ቤት ወጥታ አታውቅም። ደረጃ አትወጣም፣ ጀይሉ ሱቅ አትገባም፣ የጋሽ ተክለማርያምን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች። ኑሕ ጭራዋን ይጎትታል፣ ዝም ትለዋለች። ቁንጫ? ያን ሁሉ ችሎ የቀረ ቁንጫ ካለ ሊሸለም ይገባዋል።

የንብረት ማስተላለፊያ ቅጽ አዘጋጀሁ። ጋሽ ተክለማርያም፣ «የብሎኩ ንብረት እንዴት ይሰጣል! አጠቃላይ ጉባኤ ይጠራ» አሉ። ጥሩ፣ በጉባኤው ላይ ነጭ ጋዙን በዝርዝር እመዘግበዋለሁ አልኳቸው። ፈረሙ።

ዓይነት፦ ድመት። ብዛት፦ አንድ። ቀለም፦ ግራጫ። አስረካቢ፦ ሰብሌ። ተረካቢ፦ አልፊያ። «ምርመራ» የሚለው ረድፍ ላይ ምን እንደምጽፍ ብዙ አሰብኩ። «ራሷ መርጣለች» ብዬ ጻፍኩ።

አልፊያ ሳቀች፣ ፈረመች። ኮፒውን እኔ ወሰድኩ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ በቀይ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ትንሽ ተጣመመ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

አይጦቹ ተመልሰዋል። ጆንያው ያው እቦታው ነው። ኮሚቴው ድመት ለማስመጣት ወስኗል፤ አስመጪዋ ጸሐፊዋ ትሁን ሲሉ እምቢ አልኩ። ቃለ ጉባኤ ላይ እምቢ ማለቴን ራሴው መዘገብኩ። ዜናን ስፖርቱ ሳይጀምር እዘጋዋለሁ፣ የሚያስቆየኝ የለም። ጭኔ ይበርደኛል። ትናንት ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩበት፣ አልሆነም።

ዛሬ አልፊያ ደወለች።

«እትዬ ሰብሌ፣ እንኳን አደረሰዎ! ኑሕ ቆመ፣ ድመቷን ይዞ ነው የቆመው! ምነው ጠፉ? ነገ ይምጡ እንጂ፣ ድመትዎ ደህና ናት፣ መጥተው ይዩዋት።»

ድመትዎ አለችኝ። የሰው ስህተት ሰምቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም፤ ሰላሳ አንድ ዓመት እንጀራዬ ነበር። ይህን አላረምኩም።